ሳይጻፍ የቀረው መስመር፦ የኔትወርክ ማዋቀሪያ ሰነድ እንዴት ይጻፍ?

የኮምፒውተር ኔትወርክን የዘረጋ ባለሙያ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ከእርሱ በኋላ የሚቀሩት ኬብሉ፣ መሣሪያውና ሰነዱ ናቸው። ከሦስቱ የሚናገረው ሰነዱ ብቻ ነው። በቆሰበር ከተማ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት 20 ኮምፒውተሮች ያሉት ክፍል አለው እንበል። አዲስ የተመደበው የክፍሉ ኃላፊ ኔትወርኩ ሲዘረጋ አልነበረም፤ በእጁ ያለው ከቀድሞው ባለሙያ የተረፈ ሁለት ገጽ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ «ለኮምፒውተሩ 192.0.2.10 የሚለውን አድራሻ ስጥ፤ መውጫ በሩ 192.0.2.1 ነው» ብሎ ያቆማል። ለጻፈው ሰው ይህ በቂ ነበር። ለአንባቢው ግን «ርዝመቱ 5 ነው» ብሎ ሜትር ይሁን ክንድ ሳይናገሩ እንደ መተው ነው። የትኞቹ አድራሻዎች ጎረቤት እንደሆኑ የሚወስነው ማስክ የተባለው ሁለተኛ ቁጥር ነውና። ማስኩ 255.255.255.192 ከሆነ ከ192.0.2.0 እስከ 192.0.2.63 ያሉት 64 አድራሻዎች አንድ ሰፈር ይሆናሉ። የመጀመሪያው ለሰፈሩ መጠሪያ፣ የመጨረሻው ለሁሉም ለሚተላለፍ መልእክት ስለሚያዙ ለመሣሪያዎች የሚቀሩት 62 ናቸው። እንግዲህ በ192.0.2.70 ላይ ያለው ፕሪንተር የሌላ ሰፈር ነዋሪ ነው፤ ወደ እርሱ የሚኬደው በራውተር በኩል ነው። ማስኩ ያልተነገረው ኃላፊ እንደ ልማዱ 255.255.255.0 ቢሞላ ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን ጎረቤቱ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በቀጥታ ይጠራዋል፤ ብዙውን ጊዜም መልስ አያገኝም። ኢንተርኔቱ ግን ይሠራል፤ ሩቅ ያሉትን አድራሻዎች በሚመለከት ሁለቱም ማስኮች ወደ መውጫው በር ይልካሉና። ምንም ያልነካው ፕሪንተር የሚፈታታው በዚህ ጊዜ ነው።

በነገራችን ላይ 192.0.2 የሚለውን በዘፈቀደ አልመረጥሁትም። አንባቢ ምሳሌን እንዳለ መገልበጥ ስለሚወድ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የኢንተርኔት መሐንዲሶች ይህንና ሌሎች ሁለት የአድራሻ ክልሎችን ለሰነድ ምሳሌ ብቻ እንዲውሉ ለይተዋቸዋል። እነዚሁ መሐንዲሶች ስቲቭ ክሮከር በሚያዝያ 1969 እ.ኤ.አ. ከጻፈው የመጀመሪያ ማስታወሻ ጀምሮ ሥራቸውን በጽሑፍ ሲያኖሩ ቆይተዋል። በ1997 ደግሞ ስኮት ብራድነር ባዘጋጀው ሰነድ «ግድ ነው»፣ «ቢሆን ይመረጣል» እና «ይቻላል» የሚሉት ቃላት በቴክኒክ ጽሑፍ ውስጥ ምን ማለት እንደሆኑ ወሰኑ።

የእኛ ቋንቋ ይህን ጥንቃቄ ይበልጥ ይሻል። «ለኮምፒውተሮቹ አድራሻ ይሰጣል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንመልከት። ራውተሩ በራሱ ጊዜ ይሰጣል ማለት ነው ወይስ ሠራተኛው ይስጥ ማለት? ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ነው፤ በሥራ ላይ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። አድራጊው ያልታወቀበት ግስ ለደብዳቤ ያምር ይሆናል፤ ለማዋቀሪያ ሰነድ ግን «ራውተሩ ይሰጣል» ወይም «አንተ ስጥ» ማለት ይሻላል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ኃላፊው «ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ተቋረጠ» ብሎ ይመዘግባል። የመሣሪያው መዝገብ በኢትዮጵያ የጊዜ ክልል ከተስተካከለ ያንኑ ቅጽበት 10:00 ይለዋል፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከሆነ 07:00። የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ሲጨመርበት ሁለቱን መዛግብት ማገናኘት አድካሚ ይሆናል። ሰነዱ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ዘመን እንደተጻፈ በራስጌው ላይ ይገለጽ።

ከሁሉ የከፋው ግን ዘግይቶ የሚታየው ጉድለት ነው። በብዙ የቢሮ ራውተሮች ላይ የሚጻፍ ትእዛዝ ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል፤ የሚቀመጠው ግን ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ነው። ወደ ቋሚው ማኅደር የሚገለብጠው ሌላ ትእዛዝ ነው። የሰነዱ ጸሐፊ ይህን የመጨረሻ መስመር ቢዘልለው ኔትወርኩ ለወራት ያለ እንከን ይሠራል። ከዚያ አንድ የክረምት ምሽት መብራት ይጠፋል፤ ሲመለስም ራውተሩ ከካርቶን እንደወጣበት ቀን ባዶ ይሆናል።

የሚጠበቀውም ውጤት መጻፍ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ብዙ ወረዳዎችና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ተገናኝተው ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለ ጥያቄና መልስ በድምሩ 144,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ፤ በብርሃን ፍጥነት ይህ ብቻ 480 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። በአንጻሩ ከቆሰበር አዲስ አበባ የሚደርስ 500 ኪሎ ሜትር ፋይበር ብንወስድ፣ ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የደርሶ መልሱ ጉዞ 5 ሚሊ ሰከንድ ነው። ስለዚህ በፍተሻ የተገኘ 600 ሚሊ ሰከንድ በሳተላይት ጤና ሲሆን በፋይበር ሕመም ነው። «ግንኙነቱን ፈትሽ» ብቻ የሚል ሰነድ አንባቢውን ቁጥሩን ይዞ ይተወዋል።

አንድን ሰነድ ለመመዘን ርካሽ ዘዴ አለ። ሥራው ሲሠራ ላልነበረ ሰው፣ ለምሳሌ ለአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ወረቀቱንና አንድ ትርፍ ራውተር ይስጧት፤ አጠገቧ ተቀምጠው ዝም ይበሉ። አንገቷን ቀና አድርጋ ያየችዎት ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ የጎደለው መስመር የሚገባው እዚያ ነው።