በመኪና ለሚጎተት ቤት ውኃ የሚገባው እንዴት ነው?

በአሜሪካ በመኪና የሚጎተት ቤት የሽርሽር ዕቃ ብቻ አይደለም። የቤት ኪራይ የከበዳቸውና ሥራ ፍለጋ ከግዛት ግዛት የሚዘዋወሩ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ይኖሩበታል። በ2021 የኦስካር የምርጥ ፊልም ሽልማትን ያሸነፈው 'ኖማድላንድ'ም በተሽከርካሪ ውስጥ የሚገፋን ኑሮ የሚያሳይ ነው። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ቤት ውኃ የሚያገኘው እንዴት ነው?

ሁለት መንገዶች

አንደኛው በቤቱ ውስጥ የሚገጠም ማጠራቀሚያ ነው። ውኃውን ወደ ማጠቢያውና ወደ መታጠቢያው የሚገፋው በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ 100 ሊትር መያዝ ማለት 100 ኪሎ ተጨማሪ ጭነት መጎተት ማለት ነው።

ሁለተኛው ከማረፊያ ሥፍራው ቧንቧ በጎማ በቀጥታ መቀበል ነው። ለዚህም የቤቱ ግድግዳ ተበስቶ የውኃ መግቢያ ይገጠማል። ከመብሳት በፊት ከጀርባው የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የግድግዳ ተሸካሚ አለመኖሩ ይረጋገጣል። የመግቢያው ዙሪያ በሚገባ ካልታሸገ፣ የሚሰርገው ዝናብ የግድግዳውን እንጨት ባለቤቱ ሳያውቅ ያበሰብሰዋል። ከመግቢያው ወደ ውስጥ የሚዘረጋው አብዛኛውን ጊዜ ፔክስ የተባለው ተጣጣፊ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው።

ግፊትና ንጽሕና

የአንዳንድ ማረፊያዎች የውኃ ግፊት መጋጠሚያዎችን ሊያፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ጎማው ከቧንቧው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ግፊትን ወደ 3 ባር ገደማ የሚያወርድ መቆጣጠሪያ ይታሰራል። ጎማውም ለመጠጥ ውኃ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት።

ትንሹ ነገር ግን ወሳኙ አካል፣ ውኃ ወደ ውስጥ ብቻ እንዲያልፍ የሚፈቅደው ቫልቭ ነው። እርሱ ከሌለ ፓምፑ ሲነሳ ውኃው በመግቢያው በኩል ወደ ውጭ ይፈስሳል። ከዚህም የከፋው፣ የዋናው መስመር ግፊት ድንገት ሲወርድ በቤቱ ቧንቧ የቆየው ውኃ ተስቦ ሌሎች ወደሚጠጡበት መስመር መግባቱ ነው።

አዲስ የተዘረጋ መስመር ከመጠጣቱ በፊት ይታጠባል። የተለመደው መጠን ለ57 ሊትር ውኃ 60 ሚሊ ሊትር ሽታ የሌለው በረኪና ነው። ለሰዓታት ከቆየ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል።

ለቋሚ ቤትስ?

ይህ ጥንቃቄ ለሚጎተት ቤት ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው እንደ አዲስ አበባና ናይሮቢ ባሉ ከተሞች በርካታ ቤቶች ሮቶና ፓምፕ አላቸው። ውኃ በተቋረጠ ቁጥር የመስመሩ ግፊት ይወርዳል። ያን ጊዜ በግቢ የተጠራቀመው ውኃ ወደ ጎረቤት ቧንቧ እንዳይመለስ የሚያግደው ያው ቫልቭ ነው።