ስለ ቤት ጥበቃና ስለ መሣሪያ አመራረጥ

ሰው ቤቱንና ቤተ ሰቡን ከክፉ አድራጊ ለመጠበቅ ማሰቡ ከተፈጥሮ የመጣ ነው፤ የሚያስነቅፍም አይደለም። የሚያስነቅፈው፥ አሳቡን ወደ ሥራ በሚለውጥበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ «ጠመንጃ ከወዴት ይገኛል?» ብሎ መነሣቱ ነው። ስለዚህ ነገር በቤተ ሰብ ገጽ ላይ መጻፋችን ለአንዳንዱ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ዳሩ ግን መሣሪያ የሚያድረው በቤት ውስጥ ነው፤ ልጆች በሚተኙበት ጣራ ሥር ነው፤ ስለዚህ ምርጫው የአባት ብቻ ሳይሆን የእናትም ጉዳይ ነው።

ነገሩን በደፈናው እንዳንናገር አንድ አገር ይዘን እንመልከት። ባንኮ ጎቲቲ በጌዴኦ ዞን በጌዴብ ወረዳ፥ ከዲላ ከተማ ወደ ደቡብ ይርጋ ጨፌን አልፎ የሚገኝ የቡና አገር ነው፤ ስሙም በባሕር ማዶ ቡና ነጋዴዎች ዘንድ ሳይቀር የታወቀ ነው። በጌዴኦ ምድር ቡናው፥ እንሰቱና ጥላ የሚሆነው ዛፍ በአንድነት ይበቅላሉ፤ ይህም መልክዐ ምድር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚህ አገር ቤት ከቤት አይራራቅም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 847,434 ሲሆን፥ የመሬቱ ስፋት ወደ 1,210 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 700 ሰው ያህል ማለት ነው። ይህን ቁጥር አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱት እንለምናለን፤ ስለ ጥይት በምንናገርበት ስፍራ እንመለስበታለንና።

መሣሪያ ለመምረጥ የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራው ምን እንደ ሆነ መለየት ይገባዋል። የበሬ ቀንበር ለፈረስ እንደማይሆን ሁሉ፥ ለሌባ የሚሆነው መከላከያም ለሁከት ቀን አይሆንም። በቡና አገር የሌባ ወራት የታወቀ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቀዩ እሸት ቡና ይለቀማል፤ የተሸጠው ገንዘብ ሆኖ በቤት ያድራል፤ ያልተሸጠውም በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ብዙ ቀን ይሰነብታል። በዚህ ወራት የሚመጣው ሌባ አብዛኛውን ጊዜ ንብረት ፈላጊ እንጂ ነፍስ ፈላጊ አይደለም፤ ስለዚህም ጨለማን፥ ዝምታንና ያልተዘጋ በርን ይወድዳል። እንግዲህ ጥሩ መከላከያ ማለት እነዚህን ሦስቱን የሚነሣው ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ውድ አይደለም። መጀመሪያው ጠንካራ በር ነው። ብዙ ሰው ትልቅ ጓጉንቸር ገዝቶ በበሰበሰ መቃን ላይ ያንጠለጥላል፤ ሌባ ግን ጓጉንቸሩን ትቶ መቃኑን ይነቅለዋል። ስለዚህ አስቀድሞ መቃኑና ማጠፊያው ይጠንክር፤ ከውስጥም መወርወሪያ ይደረግለት። ሁለተኛው ብርሃን ነው። የእጅ ባትሪ በመኝታ ራስጌ፥ በጨለማ እጅ ሊያገኘው በሚችልበት በታወቀ ስፍራ ይቀመጥ፤ ኃይሉም በየሳምንቱ ይፈተን። ከደጅ የሚሰቀል መብራት ቢኖር ወደ ግቢውና ወደ ቡናው አልጋ እንዲያበራ ይደረግ፤ ብርሃኑ መጪውን እንጂ የቤቱን ጌታ እንዳያሳይ ነው። ሦስተኛው ውሻ ነው፤ እርሱም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተከተበ ይሁን፤ ጠባቂ ብለን ያሳደግነው በሽታ እንዳያመጣብን። አራተኛው ፊሽካ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሕፃንም አሮጊትም ይነፋዋል፤ በሳሎንም በጓዳም አንዳንድ ቢሰቀል ከጎረቤት ቤት ድረስ ይሰማል።

ከዕቃው ሁሉ የሚበልጠው ግን የጎረቤት ስምምነት ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው በከንቱ አይደለም። ፊሽካ ሦስት ጊዜ ሲነፋ ምን ማለት እንደ ሆነ፥ ማን መብራት ይዞ እንደሚወጣ፥ ማን ለፖሊስ ስልክ እንደሚደውል፥ ሴቶችና ልጆች በየትኛው ቤት እንደሚሰበሰቡ አስቀድሞ በቡና ላይ ተቀምጦ መነጋገር ይገባል። ደግሞም የቡናው ገንዘብ በትራስ ሥር ከሚያድር በባንክ ቢያድር ይሻላል። በቤት የሌለውን ሌባ አይሰርቀውም፤ ለሌለውም ሰው አይሞትለትም።

አሁን ወደ ጠመንጃው እንመለስ። በአገራችን ጠመንጃ ከመከላከያነቱ ይልቅ የክብር ምልክትነቱ ይበልጥ የነበረበት ዘመን ረጅም ነው። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተተኮሰው ውጅግራ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለልጅ ልጅ ሲወረስ ኖሯል። በጌዴኦ ደግሞ «ነፍጠኛ» የሚለው ስም ራሱ ከነፍጥ የወጣ ሲሆን፥ ባላገሩ የጠመንጃን ኃይል ያወቀው አስቀድሞ ከገባርነት ጋራ ነው። እንግዲህ መሣሪያን ለክብር መፈለግና ለጥበቃ መምረጥ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ለክብር የሚገዛ ሰው ትልቁንና ብዙ ጥይት የሚጎርሰውን ይመርጣል፤ ለጥበቃ የሚመርጥ ሰው ግን አራት ጥያቄ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው፥ ሕጉ ይፈቅድልኛልን? የሚለው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177፥ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ወንጀል አድርጎታል፤ ቁጥጥሩም ለፌዴራል ፖሊስ ተሰጥቷል። የትኛው ዐይነት ለግለሰብ እንደሚፈቀድ የሚወስነው ሕግ ነው እንጂ የገበያ ወሬ አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ መጠየቅ ይገባል፤ ከስውር ነጋዴ የገዛ ሰው ግን ሌባን ሳያገኝ ራሱ ከሕግ ፊት ይቆማል።

ሁለተኛው፥ ጥይቱ ወዴት ይሄዳል? የሚለው ነው። ቀድሞ የጠቀስነው ቁጥር የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። የክላሽንኮቭ ጥይት ከአፈሙዝ በሚወጣበት ጊዜ በአንድ ሴኮንድ 700 ሜትር ያህል ይምዘገዘጋል፤ ዒላማውን የሳተ እንደ ሆነም ከአንድ ኪሎ ሜትር አልፎ ይሄዳል። የቀርከሃና የጭቃ ግድግዳ አያቆመውም። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው በሚኖርበት አገር፥ በሌሊት በድንጋጤ የተተኮሰ ጥይት ከቡናው ወዲያ የተኛውን የጎረቤት ልጅ ሊያገኝ ይችላል። ሌባው ሸሽቶ ያመልጣል፤ ደሙ ግን በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ይቀራል።

ሦስተኛው፥ በመሣሪያው የሚያዘው ማን ነው? የሚለው ነው። ሽጉጥ ትንሽ ስለ ሆነ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አፈሙዙ አጭር በመሆኑ ካልተለማመደ ሰው እጅ ዒላማውን አይመታም፤ ደግሞም በልጅ እጅ ለመግባት ከሁሉ የቀለለው እርሱ ነው። ረጅም ጠመንጃ በትከሻ ተደግፎ ሲተኮስ ይጸናል፤ በጠባብ ቤት ውስጥ ግን ለመዞር ያስቸግራል፤ አፈሙዙንም ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል። አሮጌ የአያት ጠመንጃ ደግሞ የሚስማማው ጥይት በቀላሉ አይገኝም፤ በእጅ የተቀመመ ጥይት ቢጎርስም በተኳሹ ፊት ሊፈነዳ ይችላል። እንዲህ ያለው በግድግዳ ላይ ለመታሰቢያ ይቀመጥ እንጂ ለጥበቃ አይመረጥ፤ ለመታሰቢያም ቢሆን ፈቃዱ ይጠየቅለት። ደግሞም የቤቱ ጌታ ለቡና ሽያጭ ዲላ ቢያድር በቤት የምትቀረው እመቤቲቱ ናት። እርስዋ በደኅና የማትይዘው መሣሪያ ለዚያ ቤት መከላከያ አይደለም።

አራተኛው፥ መሣሪያው የት ያድራል? የሚለው ነው። ፈቃድ ያለው መሣሪያ ጥይቱ ወጥቶ በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጥ፤ ጥይቱም በሌላ ሣጥን በሌላ ቁልፍ ይዘጋበት፤ ቁልፎቹም ከቤቱ ጌታ ወይም ከእመቤቲቱ ወገብ አይለዩ። በትራስ ሥር፥ በጣራ ውስጥ፥ ከእህል ጎተራ ኋላ የተደበቀውን ልጆች ያገኙታል፤ ልጅ የማያውቀው ስርቻ በቤት ውስጥ የለምና። ጠላ በተጠጣበት፥ ሰርግ ወይም ልቅሶ ባለበት ቀን ከሣጥኑ አይውጣ፤ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ወደ ምድር መመለሱ አይቀርም። ባልና ሚስት በተጣሉበት፥ ወይም ከቤተ ሰብ አንዱ በሐዘን ብዛት ከሕይወት ተስፋ በቆረጠበት ጊዜ ግን መሣሪያው ከቤት ወጥቶ ለፖሊስ ይሰጥ ብለን እንመክራለን። በብዙ አገር የተደረገ ምርመራ የሚያሳየው፥ የቤት መሣሪያ ከውጭ ጠላት ይልቅ በቤቱ ሰዎች ላይ እጅግ ደጋግሞ እንደሚተኮስ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላውን ሰው መከላከልን ይፈቅዳል። ዳሩ ግን ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይቻል መሆን አለበት፤ መከላከያውም ከአደጋው ጋራ የተመዛዘነ መሆን አለበት። ጀንፈል ተሸክሞ የሚሸሸውን ሰው ከኋላው መትቶ የገደለ እንግዲህ በዚህ አንቀጽ እድናለሁ ብሎ አይመን። ከመጠን ያለፈውን ደግሞ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 79 ይመለከተዋል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሌባ ነው። የባንኮ ጎቲቲ አገር ግን ከሌባ የከፋ ቀን አይቷል። በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ ወር ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከሁለቱም ወገን ከቤቱ ተፈናቀለ። በ2011 ዓ.ም. በጌዴብ ወረዳ በጎቲቲ ተጠልለው የነበሩት ተፈናቃዮች ልጆች በምግብ እጥረት እጅግ ስለ ተጎዱ፥ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር ሊያክማቸው መጣ። እንደዚህ ባለ ቀን በአንድ ቤት ያለ አንድ ጠመንጃ የሚመልሰው ነገር የለም፤ ይልቁንም ጠመንጃ የያዘ ሰው እንደ ተዋጊ ተቆጥሮ ቤተ ሰቡን ሁሉ አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

ለዚህ ዐይነቱ ቀን የሚያስፈልገው ትጥቅ ሌላ ነው። በአንዲት ውሃ በማታስገባ ከረጢት ውስጥ የመሬት ይዞታ ደብተር፥ የልጆች የልደትና የክትባት ካርድ፥ መታወቂያና የባንክ ደብተር በአንድነት ይቀመጡ። በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰው ጥቂቱን ከዚያው ያኑር። ቆሎና የሕፃን ብርድ ልብስ፥ የእጅ ባትሪና የተሞላ ስልክ ይጨመሩበት። ልጆችም የአባትና የእናታቸውን ሙሉ ስም፥ የቀበሌያቸውን ስምና አንድ የስልክ ቁጥር በቃላቸው ይወቁ፤ በሽሽት መካከል የጠፋ ልጅ የሚገኘው በዚህ ነው። ይህን ከረጢት ለማዘጋጀት ከግማሽ ቀን የበለጠ አይፈጅም።

ጌዴኦና ጉጂ ደግሞ ከጠመንጃ ሁሉ የቀደመ መሣሪያ አላቸው። ጌዴኦዎች ጠባቸውን በሶንጎ ተቀምጠው፥ በሽማግሌ ፊት ይመረምራሉ፤ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ደም በፈሰሰ ጊዜም ጎንዶሮ በሚባለው የዕርቅ ሥርዐት ከብት ታርዶ መሐላ ይፈጸማል። ሽማግሌን ማክበርና ልጅን ወደ ሶንጎ ይዞ ሄዶ ዳኝነቱን ማሰማት ስለዚህ ከቤት ጥበቃ ክፍል የሚቆጠር ነው እንጂ ተረት አይደለም። ጠብ በዛፍ ጥላ ሥር ካለቀ ወደ በር አይደርስምና።

እንግዲህ አባትና እናት በአንድነት ተቀምጠው በዚህ ተራ እንዲያስቡት እንመክራለን። አስቀድሞ በሩ፥ ቀጥሎ ብርሃኑ፥ ከዚያ ውሻውና ፊሽካው፥ ከዚያ የጎረቤት ስምምነቱ፥ ከዚያም የወረቀቱ ከረጢት ይዘጋጅ። ይህ ሁሉ ተፈጽሞ ሳለ ገና መሣሪያ ያስፈልገናል የሚል ቤት ቢኖር፥ አራቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ይመልስ። ከአራቱ አንዱን እንኳ መመለስ ያልቻለ ቤት ገንዘቡን በበሩ መቃን ላይ ቢያውለው ይሻለዋል።