በሒሳብ ሠንጠረዥ ቁጥርን ወደ ላይ ስለ ማጠጋጋት

በንግድ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ማካፈል ባለበት ቦታ ሁሉ ትርፍራፊ አለ። የወረቀቱ ሒሳብ ዕቃውን እስከ አሥርዮሹ ድረስ ይሰነጥቀዋል፤ መጋዘኑ ግን ሙሉ ካርቶን፣ ሙሉ ጆንያ፣ ሙሉ ፌሮ እንጂ የካርቶን ሩብ ወይም የፌሮ ሲሶ አያስረክብም። ይህን ትርፍራፊ ወደሚቀጥለው ሙሉ ቁጥር ከፍ አድርጎ መጻፍ ወደ ላይ ማጠጋጋት ይባላል። ቀድሞ ይህን የሚያደርገው የሒሳብ ጸሐፊው የዕቃውን ጠባይ በራሱ አእምሮ እየመዘነ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ንግድ ቤቶች ሥራው ኤክሴልን፣ ጉግል ሺትስንና እነዚህን ለመሰሉ የኮምፒዩተር የሒሳብ ሠንጠረዦች ተሰጥቷል። ሠንጠረዡ የታዘዘውን በትክክል ይፈጽማል፤ ነገር ግን የትኛው ትርፍራፊ ወደ ላይ፣ የትኛው ወደ ታች መሄድ እንዳለበት፣ ይህም በሒሳቡ በየትኛው ደረጃ ላይ መደረግ እንደሚገባው አያውቅም። ይህን የሚወስነው ነጋዴው ነው፤ ካልወሰነም ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል።

የትእዛዞቹ ስሞች በመሣሪያው ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ግን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን አስፍረናቸዋል። ራውንድ የተባለው ትእዛዝ ቁጥርን ወደሚቀርበው ያጠጋጋል፤ ትርፍራፊው ከግማሽ ካነሰ ይጥለዋል፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ያደርገዋል። ራውንድአፕ ግን ትርፍራፊው የቱንም ያህል ጥቂት ቢሆን ከፍ ያደርጋል። ራውንድዳውን ደግሞ የቱንም ያህል ብዙ ቢሆን ይጥላል። በቅንፉ ውስጥ መጀመሪያ ቁጥሩ ወይም ቁጥሩ ያለበት ሣጥን፣ ከዚያም ከነጥብ በኋላ ሊቀሩ የሚገባቸው አኃዞች ብዛት ይጻፋል። 0 ከተጻፈ ሙሉ ቁጥር፣ 2 ከተጻፈ እስከ ሳንቲም፣ ከዜሮ በታች የሆነው -2 ከተጻፈ ደግሞ እስከ መቶዎች ማለት ነው፤ ስለዚህ =ራውንድአፕ(21347,-2) የሚለው 21,400 ይሰጣል።

ቀላሉን ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ደንበኛ 490 ሳሙና አዘዘ፤ በአንድ ካርቶን ውስጥ 24 ሳሙና አለ። 490 ለ24 ሲካፈል 20.42 ገደማ ይሆናል። ራውንድ 20 ካርቶን ይላል፤ 20 ካርቶን ግን 480 ሳሙና ብቻ ስለሆነ 10 ይጎድላል። =ራውንድአፕ(490/24,0) የሚለው 21 ይላል፤ ትክክሉም ይኸው ነው። አንዳንድ ሰዎች ራውንድአፕን ትተው ትርፍራፊውን ቈርጠው ከጣሉ በኋላ 1 ይደምራሉ። ይህ ዘዴ ያለ ስሕተት የሚያገለግል ይመስላል፤ ነገር ግን ትእዛዙ 480 ሲሆን፣ ማለት በ24 ያለ ትርፍ ሲካፈል፣ 20 መሆን የሚገባውን 21 ያደርገዋል። በየወሩ አንድ አንድ ካርቶን ያለ ጠያቂ የሚወጣበት መጋዘን ካለ ምክንያቱን ከሌባ በፊት እዚህ ላይ መፈለግ ይበጃል።

ወደ ላይ ማጠጋጋት ሁልጊዜ ጥንቃቄ ነው ብሎ ማመን ግን አይገባም። 19,250 ኪሎ ቡና ያለው ላኪ ነጋዴ በ60 ኪሎ ጆንያ ሞልቶ ይልካል እንበል፤ በሚጭንበት ኮንቴይነር ውስጥም 320 ጆንያ ይገባል። 19,250 ለ60 ሲካፈል 320.83 ነው። ጸሐፊው በራውንድአፕ ቢያሰላው 321 ጆንያ ያገኛል፤ ይህንኑ ለ320 አካፍሎ እንደ ገና በራውንድአፕ ቢያሳልፈው ሠንጠረዡ ያለ ምንም ማመንታት 2 ኮንቴይነር ያስፈልጋል ይላል። ገዢው የሚቀበለው ሙሉ ጆንያ ብቻ ከሆነ ግን ትክክለኛው ትእዛዝ ራውንድዳውን ነው፤ 320 ሙሉ ጆንያ ይወጣል፣ 50 ኪሎ ለሚቀጥለው ጭነት ይቀራል፣ ኮንቴይነሩም 1 ብቻ ይሆናል። ቡናው ያው ቡና ነው፤ ልዩነቱ የአንድ ኮንቴይነር የመርከብ ኪራይ ነው። እዚህ ላይ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ስንት ጆንያ ልግዛ?» ነው ወይስ «ስንት ሙሉ ጆንያ ልላክ?» የሚለው ነው። ለፊተኛው ወደ ላይ፣ ለኋለኛው ወደ ታች ይጠጋጋል።

የማጠጋጋቱ ቦታም እንደ አቅጣጫው ሁሉ ከባድ ነገር ነው። አንድ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ 2.5 ሜትር የሆኑ 50 ቁራጭ ፌሮዎች ፈለገ። ፌሮው የሚሸጠው በ12 ሜትር ነው። በችኮላ የሚያሰላ ሰው 50 በ2.5 አባዝቶ 125 ሜትር ያገኛል፤ ለ12 ሲያካፍለው 10.42፣ ወደ ላይ ሲያጠጋጋው 11 ፌሮ ይሆንለታል። ይሁን እንጂ ከአንድ ፌሮ የሚወጣው 4 ቁራጭ ብቻ ሲሆን የቀረው 2 ሜትር ለዚህ ሥራ አይውልም። ከ11 ፌሮ 44 ቁራጭ ይወጣል፤ 6 ይጎድላል። ትክክለኛው ሒሳብ በመጀመሪያ ከአንድ ፌሮ የሚወጣውን ቁራጭ ወደ ታች፣ ከዚያም የፌሮውን ቍጥር ወደ ላይ የሚያጠጋጋው ነው፤ ይኸውም =ራውንድአፕ(50/ራውንድዳውን(12/2.5,0),0) ሲሆን ውጤቱ 13 ነው። በአንድ ፎርሙላ ውስጥ ሁለቱም አቅጣጫዎች መግባታቸውን አንባቢ ያስተውል።

አሁን ወደ ገንዘብ እንለፍ፤ ከሁሉ የሚብሰው ወጥመድ ያለው እዚህ ነውና። በሠንጠረዡ ላይ የአኃዞችን ቁጥር የሚቀንሰው ቁልፍ የሚለውጠው የቁጥሩን መልክ ብቻ ነው እንጂ ቁጥሩን ራሱን አይደለም። 18.20 ብር የተጻፈበት ሣጥን ያለ አሥርዮሽ እንዲታይ ከተደረገ በዐይን የሚታየው 18 ነው፤ ማባዣው ግን አሁንም 18.20 ነው። አንድ ነጋዴ እንዲህ አድርጎ ለ50,000 ዕቃ የጨረታ ዋጋ አቀረበ እንበል። የነጠላ ዋጋው በወረቀቱ ላይ 18 ብር፣ ጠቅላላው ግን 910,000 ብር ሆኖ ይታተማል። በብዙ የጨረታ ሰነዶች ላይ የነጠላ ዋጋና ጠቅላላ ዋጋ ካልተስማሙ የነጠላው ዋጋ ይጸናል የሚል ደንብ አለ። በዚህ ደንብ መሠረት ጠቅላላው ወደ 900,000 ብር ይታረማል፤ ነጋዴው ቢያሸንፍም ያሸነፈው 10,000 ብር ከፍሎ ነው። ስለዚህ የነጠላውን ዋጋ በራውንድ ወይም በራውንድአፕ በእውነት ማጠጋጋት፣ ማባዛቱንም በዚያው በተጠጋጋው ሣጥን ማድረግ ያስፈልጋል። የሚታየውና የሚባዛው አንድ ይሁኑ ማለታችን ነው።

የሚጠጋጋው የነጠላ ዋጋ ሲሆን ግን ብዛቱ ልዩነቱን እንደሚያባዛው መታወቅ አለበት። ዋጋው 18.204 ወጥቶ በራውንድአፕ እስከ ሳንቲም ቢጠጋጋ 18.21 ይሆናል። ከአንድ ሳንቲም በታች የሆነች ልዩነት ናት፤ በ50,000 ስትባዛ ግን 300 ብር ትሆናለች። ወደ ሙሉ ብር ቢጠጋጋማ 19 ስለሚሆን ልዩነቱ 39,800 ብር ይደርሳል፤ በዚህም ጨረታው ሊታጣ ይችላል። በእኔ አስተያየት በመካከል ያሉት ስሌቶች ሁሉ ሳይጠጋጉ ቆይተው፣ ማጠጋጋቱ ለሰው በሚቀርበው ቁጥር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደረግ ይሻላል። በየደረጃው መቍረጥ ምን እንደሚያመጣ የካናዳው የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ አሳይቷል። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1982 በ1,000 የተጀመረው የዋጋ መለኪያ በየግብይቱ እንደ ገና ሲሰላ ከ3 አኃዝ በኋላ ያለው ትርፍራፊ እየተቈረጠ ይጣል ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1983 መለኪያው 524.811 ደርሶ ነበር፤ በትክክል እንደ ገና ሲሰላ ግን 1,098.892 ሆኖ ተገኘ።

ለችርቻሮ ዋጋ ሲሊንግ የተባለው ትእዛዝ አለ። እርሱ የሚያጠጋጋው ወደ ሙሉ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ወደ ተሰጠው ብዜት ነው፤ =ሲሊንግ(183.40,5) የሚለው 185 ይሰጣል። የ1 እና የ5 ሳንቲም መልስ የሚሰጥ ሱቅ ማግኘት አስቸጋሪ በሆነበት በዛሬው ጊዜ ብዙ ቸርቻሪ ዋጋውን እንዲህ ያወጣል። ይህ የማይነቀፍ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው በመደርደሪያው ላይ አስቀድሞ ሲለጠፍ እንጂ ሒሳቡ ከተደመረ በኋላ በደንበኛው ፊት ሲጨመር አይደለም። በአገራችን ገበያ ሻጭ ከሰፈረው በላይ ምራቂ ይጨምራል፤ ይህም ትርፍራፊው ወደ ገዢው የሚጠጋጋበት የቆየ ልማድ ነው፤ ደንበኛም ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ የሚሄደውን ሱቅ በቶሎ ያውቀዋል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2013 የ1 ሳንቲሟን ስርጭት ስታቆም በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ወደሚቀርበው የ5 ብዜት፣ ወደ ላይም ወደ ታችም፣ እንዲጠጋጋ አድርጋለች፤ ይኸውም በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ሳይሆን በመጨረሻው ድምር ላይ ነው። ይህን የሚሠራው ትእዛዝ ኤምራውንድ ይባላል።

ተመላሽ ዕቃን ከዜሮ በታች በሆነ ቁጥር የሚመዘግቡ ንግድ ቤቶች አንድ ነገር ያስተውሉ። ራውንድአፕ «ወደ ላይ» የሚለው ከዜሮ መራቅን ነው፤ ስለዚህ -18.20 በእርሱ ሲጠጋጋ -19 ይሆናል፤ =ሲሊንግ(-18.20,1) ግን -18 ይላል። ለደንበኛው የሚመለሰው በአንዱ 19፣ በሌላው 18 ብር መሆኑ ነው። ሲሸጥ በ19 ብር የተቈጠረ ዕቃ ሲመለስም በ19 እንዲመለስ ራውንድአፕን መጠቀም ይገባል።

የቀረው ከመሣሪያው ተፈጥሮ የሚመጣ ችግር ነው። ኮምፒዩተር ቁጥርን የሚይዘው በ0 እና በ1 ብቻ ስለሆነ አንድ አሥረኛን በትክክል ሊጽፈው አይችልም፤ እኛ አንድ ሲሶን በአሥርዮሽ ጽፈን እንደማንጨርሰው ማለት ነው። ስለዚህ ከ1000.1 ኩንታል 1000 ኩንታል ተሽጦ የቀረው ለ0.1 ቢካፈል መልሱ ልክ 1 መሆን ሲገባው በውስጡ ከ1 እጅግ በጥቂቱ ይበልጣል። ዐይን ይህን አያየውም፤ ራውንድአፕ ግን ያየዋልና 2 ይላል፤ 10 ኪሎ የምትይዝ አንዲት ከረጢት ለሚበቃው እህል ሁለት ከረጢት ይመደባል። መፍትሔው በመጀመሪያ በራውንድ እስከ 6 አኃዝ አጥርቶ ከዚያ ወደ ላይ ማጠጋጋት ነው፤ =ራውንድአፕ(ራውንድ(ኤ2,6),0) ተብሎ ይጻፋል።

አዲስ ሠንጠረዥ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት በጥቂት ቁጥሮች ይፈተን። ባለ 24ቱን ካርቶን ብንወስድ፣ 480 ሲጻፍ 20፣ 481 ሲጻፍ 21፣ ሣጥኑ ባዶ ሲሆን 0 ሊል ይገባዋል። ከሦስቱ አንዱ ከተለየ ፎርሙላው ይታረም እንጂ ውጤቱን በእጅ ደልዞ መጻፍ አይገባም፤ በእጅ የተጻፈው ቁጥር በሚቀጥለው ትእዛዝ ላይ እንደዚያው ቆሞ ይቀራልና።