አደራ የተቀበለ ቤተሰብ
የተሰጠንን በምስጋና መያዝና ማካፈል፣ ከመልካሳ ማሳ እስከ ቤታችን ማዕድ

ከአዳማ ተነስቶ የአሰላን መንገድ የያዘ ተጓዥ ብዙም ሳይርቅ አዋሽ መልካሳ ይደርሳል። ከባሕር ወለል በላይ 1550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ዝናቡ አንዳንድ ዓመት ደህና ይጥላል፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ገበሬውን ይከዳዋል። ሰዎች መልካሳን ሲያነሱ በብዛት የሚጠቅሱት ሁለት ነገር ነው፤ የአዋሽን ወንዝና የግብርና ምርምር ማዕከሉን። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመ ሲሆን፣ ቶሎ የሚደርስ በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ይጠናበታል። የመልካሳን ስም የያዘ የበቆሎ ዘርና የአዋሽን ስም የያዘ ቦሎቄ ዛሬ ከዚህች ከተማ ርቀው በሚገኙ ማሳዎች ጭምር ይዘራሉ።

ቦሎቄውን ዘርቶ፣ አርሞ፣ ነቅሎና ወቅቶ ጆንያውን የሞላ ገበሬ «ይህ የማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ «የኔ ነዋ!» ይላል። አልተሳሳተም፤ ላቡን አፍስሶበታል። ነገር ግን ጥያቄውን ትንሽ ገፋ ብናደርገው መልሱ ይሰፋል። ዝናቡን እሱ አላዘነበውም። ዘሩን ሌሎች ለዓመታት ደክመው መርጠው አቀበሉት። መሬቱን አባቱ ድንጋይ ለቅሞ አለሰለሰለት። ማረሻ የጨበጠበትን ጉልበትም ቢሆን ከገበያ አልሸመተውም። ከጆንያው ውስጥ የተቀበለውን ሁሉ ቢቀንስ፣ ፈጽሞ የራሱ ብቻ የሚለው ምን ይተርፈዋል?

ክርስትና ስለ ሀብት የሚያስተምረው ከዚህ ጥያቄ ይነሳል። ያለን ሁሉ የተቀበልነው ነው፤ የተቀበልነውም በአደራ ነው።

ባለቤት ወይስ ባለአደራ?

የአገራችን ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲል ኖሯል። አደራ በላ መባል ከሌብነት የከፋ ስድብ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቋንቋም «መጋቢ» የሚለው ቃል የሌላውን ሀብት ተረክቦ የሚያስተዳድርና በጊዜው የሚያድል ሰው ማለት ነው። መጋቢ በእጁ ያለውን ያዛል፣ ይጠቀማል፣ ያሳድጋል፤ ግን የንብረቱ ባለቤት ሌላ መሆኑን አይረሳም።

የአገሪቱ ሕግም ገበሬውን በተመሳሳይ ቃል ይጠራዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የማይሸጥ የማይለወጥ ነው ስለሚል፣ የመሬት ደብተር በሳጥኑ ያስቀመጠ ገበሬ ባለይዞታ እንጂ ባለቤት አይባልም። ሕጉ ይህን ያለበት ምክንያት ሌላ ነው። ቃሉ ግን ለአማኝ ሰው የሚያሳስበው ነገር አለ፤ ይዘነዋል እንጂ የኛ አይደለም።

ምስጋና ይቀድማል

ብዙዎቻችን ስለ መስጠት ስናስብ ቀድሞ የሚመጣብን የገንዘብ መጠን ነው። «ስንት ልስጥ? ከአሥር አንዱን? ከደመወዙ ግብር ከተቆረጠ በፊት ነው በኋላ?» መጽሐፍ ቅዱስ ግን ከሒሳቡ በፊት ታሪኩን ያስቀድማል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 26 እስራኤላዊው ገበሬ የመጀመሪያውን ፍሬ በቅርጫት ይዞ ሲመጣ ዝም ብሎ አስቀምጦ አይመለስም። አባቱ ስደተኛ እንደነበረ፣ ሕዝቡ በባርነት እንደተጨነቀ፣ እግዚአብሔር እንዳወጣቸውና ይህችን ምድር እንደሰጣቸው ይናገራል። ከዚያ በኋላ ነው ቅርጫቱ የሚቀመጠው። ቀጥሎም ርስት ከሌለው ሌዋዊና በመካከላቸው ከሚኖረው መጻተኛ ጋር ሆኖ ደስ ይለዋል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ታሪክ፣ ስጦታ፣ ከዚያም አብሮ መብላት ነው። ታሪኩ ከተረሳ ስጦታው ግብር ይሆናል። ሰው የተደረገለትን ሲያስታውስ ግን እጁ ራሱ ይፈታል።

ለአያቶች ትልቅ ቦታ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። በቤት ውስጥ ታሪኩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ቤተሰቡ በክፉ ዘመን በማን እጅ እንደተረፈ፣ የመጀመሪያው ጎጆ በማን እርዳታ እንደቆመ፣ ታሞ የነበረው ልጅ እንዴት እንደዳነ ለልጅ ልጅ ካልተነገረ፣ ልጁ ያገኘውን ሁሉ እንደ መብቱ መቁጠሩ አያስገርምም።

ከጉልት ወደ ምእመናን እጅ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ በዚህ ጉዳይ ብዙ ያስተምራል። ቤተ ክርስቲያኗ ለብዙ ዘመን ነገሥታት በሰጧት መሬትና ጉልት ትተዳደር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ይህ ገቢ ቆመ። ደግነቱ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጥቶ የሰበካ ጉባኤ አደረጃጀት ተጀምሮ ነበር። አጥቢያውን የሚያስተዳድሩት ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች በጋራ ሆኑ። ምእመኑም በአባልነት መዋጮው፣ በአሥራቱ፣ በበኩራቱና በመባው ቤተ ክርስቲያኑን ተሸከመ። በነጠላዋ ጫፍ ጧፍና ዕጣን ቋጥራ ማልዳ የምትሄደው እናት ለቅዳሴው መቀጠል ድርሻዋን የምትወጣ መጋቢ ናት።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም አሥራት ትልቅ ስፍራ አለው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ለውጭ አጋሮቿ የታወቀ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ፍሬ ሐሳቡ ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማሻሻል ሊነጣጠሉ አይገባም፣ ሰው ነፍስም ሥጋም ነው የሚል ነበር። ከዚህ አንጻር የውኃ ጉድጓድ መቆፈርና የታመመን ማሳከም ከአምልኮ ውጭ የቆመ ነገር አይሆንም።

መስጠት ንግድ ሲሆን

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነጋገር አለብን። ልጆቻችን ከኛ የሚማሩት መስጠታችንን ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደምንሰጥም ያያሉ። «አንድ ብትሰጥ መቶ ይመለስልሃል» በሚል ተስፋ ብቻ የሚሰጥ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ንግድ ገብቷል። ትርፉ ሲቀር ደግሞ ይቀየማል። ስእለትም ቢሆን ሥሩ ምስጋና ሲሆን ያማረ ነው፤ ውል ማስፈራሪያ ሲሆን ግን ፍርሃት ይወልዳል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያለው የመክሊት ምሳሌ ይህን ያሳያል። አንዱን መክሊት የቀበረው አገልጋይ አልሰረቀም፣ አላባከነምም። የቀበረው ጌታውን ጨካኝ አድርጎ ስላሰበና ስለፈራ መሆኑን ራሱ ይናገራል። ሰጪውን በክፉ ያየ ሰው ስጦታውን ይቀብራል። ቸርነቱን ያወቀ ደግሞ ወጥቶ ይሠራበታል።

ሌላም ፈተና አለ። በመድረክ ስሙ ሲጠራ ብዙ ብር የሚሰጥ ሰው የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ ሁለት ወር ካዘገየ፣ ወይም ተበድሮ ደግሶ የጎረቤቱን ብድር ካልመለሰ፣ አደራውን ጠብቋል ማለት ያስቸግራል። ሐዋርያው ያዕቆብ ስለተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ የጻፈው ጠንካራ ነው፤ የተቀማው ክፍያ ራሱ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል ይላል። የሰው ገንዘብ ስለት አይሆንም። ኑሮ በተወደደበት በዚህ ጊዜ ለልጆቹ ዳቦ የሚቸገር ወላጅም በመጠን ሊያፍር አይገባም። መበለቲቱ የጣለችው ሁለት ሳንቲም ነበር፤ ጌታ ግን ከሁሉ አብልጦ ቆጠረላት።

ውኃውም አደራ ነው

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ከፍታ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረውን የቆቃን ግድብ አልፎ፣ የወንጂን አገዳ አጠጥቶ፣ በመልካሳ በኩል ወደ መተሐራና ወደ አፋር ይወርዳል። ባሕር ሳይደርስ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ስለዚህ መልካሳ ላይ ወደ ወንዙ የተጣለ ነገር የሚደርሰው ለሌላ እናት እንስራ፣ ለሌላ አርብቶ አደር ግመል ነው። ከላይ ያለው የጣለው ደግሞ ወደ መልካሳ ይመጣል።

በዘፍጥረት ሰው በገነት የተቀመጠው እንዲያበጃትም እንዲጠብቃትም ነው። ማበጀት ብቻ አልተባለም። ቲማቲምና ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ቤተሰብ የመድኃኒቱን መጠን ጠብቆ ቢረጭ፣ ባዶውን ዕቃ ወንዝ ባይጥል፣ አጥቦም ለዘይትና ለውኃ መያዣ ባያደርገው፣ ይህ እንደ መባ የሚቆጠር ምስጋና ነው። ጎረቤቱ ክርስቲያንም ሙስሊምም ይሁን የሚጠጣው ያንኑ ውኃ ነው።

በቤታችን ከምን እንጀምር?

ውድ ወላጆችና አያቶች፣ ትልቅ ዕቅድ አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቡና ሲፈላ ወይም ከራት በኋላ፣ እያንዳንዱ ሰው በሳምንቱ የተቀበለውን አንድ ነገር ይናገር። ሕፃኑም ተራው ይድረሰው።

ደመወዝ ወይም የምርት ገንዘብ ሲገባ የሚሰጠው ከተረፈው ሳይሆን ከመጀመሪያው ይለይ። ለማን እንደሚሰጥ ልጆችም ይመካከሩበት። ልጅ ወላጁ የሰጠውን ሳንቲም ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ከሚጥል ይልቅ፣ ከራሱ የዓውደ ዓመት ብር ወይም ካሳደጋት ዶሮ እንቁላል ቢሰጥ የበለጠ ይማራል። የሰጠነውን ግን በየቡናው አናውራ።

ምግብ አይደፋ። የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የሚበላው ጎረቤት አለ።

አያቶች ዛፍ ይትከሉ። ከዘር የበቀለ ማንጎ ፍሬ ለመስጠት ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ ተካዩ ላይቀምሰው ይችላል። ነገር ግን ዛሬ የምንበላው ማንጎ የማን እጅ እንደተከለው ብንጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ መልሱ አሁን በሕይወት የሌለ ሰው ነው።

በመጨረሻም ኑዛዜያችንን በጊዜ እናስተካክል። በየመንደሩ ወላጅ ካለፈ በኋላ ወንድማማቾች በአንድ ጥማድ መሬትና በአንድ ክፍል ቤት ፍርድ ቤት ሲመላለሱ እናያለን። ብዙ ጊዜ የጎደለው ሀብቱ አይደለም። ወላጅ በሕይወት ሳለ ሁሉንም ሰብስቦ «ይህ ለኔም የተሰጠኝ ነው፤ እናንተም እንዲህ አድርጋችሁ ተቀበሉት፤ እህታችሁን አትርሱ» ብሎ በምስክር ፊት አለመናገሩ ነው። እንዲህ ተብሎ የተረከበ ልጅ መሬቱን ብቻ አይወርስም። መሬቱን የሚይዝበትንም ልብ ይወርሳል።