ጡቡን የሚያይ ቦርድ

አጎቴ የምግብ ቤቱን የላይኛውን ፎቅ መስኮቶች ያስቀየረው ብርዱ ሊጀምር ሲል ነበር። አሮጌዎቹ የእንጨት ናቸው፤ ንፋስ ያስገባሉ፣ አንዴ ከተከፈቱም ለመዝጋት ሁለት ሰው ይፈልጋሉ። ኮንትራክተሩ በሁለት ቀን ነጭ የፕላስቲክ መስኮት ገጥሞ ሄደ። በሳምንቱ በሩ ላይ “ሥራ አቁም” የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። አጎቴ ወረቀቱን እያገላበጠ “ኪራዩን የምከፍል እኔ፣ ብርዱ የሚገባብኝ እኔ፤ በመስኮቱ ማን ያገባዋል?” አለኝ።

የሚያገባው ነበረ። በዋሽንግተን ዲሲ ሱቅ፣ ካፌ ወይም ምግብ ቤት ያላችሁ ወገኖች ይህንኑ ጥያቄ ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ በዚያ ሰሞን ሮጬ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

የአጎቴ ምግብ ቤት ያለበት ዩ ስትሪትና ዙሪያው ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕግ የተከለለ ታሪካዊ አካባቢ ነው። እንዲህ ባለ አካባቢ ሕንፃ ለማፍረስ፣ አዲስ ለመሥራት ወይም የውጭ መልኩን ለመቀየር ፐርሚት ሲጠየቅ ጉዳዩ በከተማው የታሪካዊ ጥበቃ ቢሮ በኩል ያልፋል። ቀላሉን ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይጨርሱታል። ከበድ ያለው ወደ ገምጋሚው ቦርድ ይሄዳል። ቦርዱ ዘጠኝ አባላት አሉት፤ ከንቲባው ያጫቸዋል፣ የከተማው ምክር ቤት ያጸድቃቸዋል። ሥልጣኑን ያገኘው በ1978 ከወጣው ሕግ ነው።

ግን ምኑን ነው የሚጠብቁት? እኔም መጀመሪያ ላይ አሮጌ ጡብ ብቻ ነበር የሚታየኝ። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ዩ ስትሪት ጥቁር አሜሪካውያን በመሃል ከተማው ቲያትርና ሆቴል በር ሲዘጋባቸው የራሳቸውን ያቆሙበት ሰፈር ነው። በ1903 የተመረቀውን የትሩ ሪፎርመር ሕንፃ ያሠራው የጥቁሮች የመረዳጃ ማኅበር ነው፤ ንድፉን የሠራውም ጆን ላንክፎርድ የተባለ ጥቁር አርክቴክት ነበር። መረዳጃ ማኅበር ማለት እኮ ዕድራችን ማለት ነው። ዕድር ያንን የሚያህል ሕንፃ ሲያቆም አስቡት! ሃዋርድ ቲያትር በ1910፣ ሊንከን ቲያትር በ1922 ተከፈቱ። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚሁ አካባቢ ነው። በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን የተቀበለው፣ ከሙላቱ አስታጥቄም ጋር የተገናኘው ያው ሰው ነው።

ከዚያ በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሳው ሁከት ሰፈሩ ተቃጠለ። ለዓመታት ባዶ ቤት በዛበት፤ የምድር ባቡሩ ቁፋሮም ሌላ ፈተና ሆነበት። ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው። የእኛ ሰዎች ከአዳምስ ሞርጋን እየለቀቁ ወደዚህ የመጡት ኪራዩ ገና ሳይወደድ ነው። በ2005 ገደማ 9ኛውን ጎዳና “ትንሿ ኢትዮጵያ” ለማስባል ሲሞከር ከጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ብርቱ ተቃውሞ ተነሳ። ያኔ በጣም ከፍቶኝ ነበር። ዛሬ ግን እውነት ነበራቸው እላለሁ፤ አባቶቻቸው በተከለከሉበት ከተማ ያቆሙት ሰፈር ነዋ።

ወደ ቦርዱ ልመለስ። ስብሰባው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ተመዝግቦ ሐሳቡን መስጠት ይችላል። አንድ ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ አዳምጫለሁ። ስለ ቁመት፣ ስለ ጡብ ቀለም፣ የሚጨመረው ፎቅ ከመንገድ እንዳይታይ ምን ያህል ወደ ኋላ መግባት እንዳለበት ረጅም ክርክር አደረጉ። በቁም ነገር ነው የሚሠሩት፣ አከበርኳቸው። አንዲት እናት ተነስተው፣ ሕንፃው ሲታደስ ከሥር ያሉት ትንንሽ ነጋዴዎች የት እንደሚሄዱ ጠየቁ። ሰብሳቢው በትሕትና አመስግነው፣ ጥያቄው ከቦርዱ ሥልጣን ውጭ መሆኑን ነገሯቸው። ሴትዮዋ ወረቀታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ያቺ ቅጽበት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም።

ሕጉ እንዲህ ነው። ቦርዱ የሕንፃውን ገጽ ያያል፤ ኪራዩን አያይም። የጸጉር ቤቱን ግድግዳ ይጠብቃል፣ ጸጉር ሠሪዋን አይጠብቅም። ይህን ሳያውቅ ቦርዱ ፊት ቆሞ ስለ ሊዙ የሚያለቅስ ወገን ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል። በጣም የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

የቦርዱ ቃል ደግሞ የመጨረሻ አይደለም። ቦርዱ ማፍረስን ቢቃወምም፣ ባለንብረቱ የከንቲባው ወኪል ወደሚባለው አካል ሄዶ “ፕሮጀክቴ ለከተማው ልዩ ጥቅም አለው” ወይም “ክልከላው ከአቅም በላይ ኪሳራ ያመጣብኛል” ብሎ መከራከር ይችላል። በ1799 የተሠራው ሮድስ ታቨርን የተባለ ሕንፃ በዚህ በር ነው የሄደው። ነዋሪው በ1983 በድምፁ “ይጠበቅ” ብሎ ነበር፤ በ1984 ፈረሰ።

ታዲያ ስለ ኪራይ የት ይወራል? አንደኛ፣ የሰፈራችሁ አማካሪ ኮሚሽን፣ ኤኤንሲ የምንለው ዘንድ። አባላቱ ጎረቤቶቻችሁ የመረጧቸው ናቸው፤ በጽሑፍ ለሚሰጡት አስተያየትም የከተማው አካላት ትልቅ ክብደት እንዲሰጡ ሕግ ያስገድዳል። ሁለተኛ፣ ትልልቅ ግንባታ ከመደበኛው መጠን በላይ ሲጠይቅ በዞኒንግ ኮሚሽን በኩል ያልፋል፤ አልሚው በምላሹ ለሰፈሩ ምን እንደሚሰጥ ድርድር አለ። ለትንንሽ ነጋዴዎች በረከሰ ኪራይ ቦታ ይያዝ ማለት የሚቻለው እዚያ ነው፣ ያውም ንድፉ ገና ሳያልቅ። ቦርዱ ዘንድ ሲደርስ ብዙው ነገር በስሎ አልቋል።

የአጎቴ ነገር በሰላም አለቀ። የታሪካዊ ጥበቃ ቢሮ ባለሙያዋ አሮጌ ፎቶ አውጥታ መስኮቶቹ ምን ይመስሉ እንደነበር አሳየችው። ወደ መንገድ የሚያዩት በእንጨት ተሠሩ፣ በጓሮ በኩል ያሉት ፕላስቲኮች ባሉበት ቀሩ። ፕላስቲኩን አውጥቶ እንደገና ማሠራቱ ግን ሁለት ጊዜ አስወጣው፤ እናንተ ኮንትራክተር ከመጥራታችሁ በፊት ቢሮው ደውሉ፣ ምክሩ ነጻ ነው።

የትኛው ኤኤንሲ ሥር እንደሆናችሁ የማታውቁ የመንገዳችሁን ስም በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የስብሰባውን ቀን ፈልጌ እነግራችኋለሁ፤ እንግሊዝኛው ለሚከብዳችሁም አብሬያችሁ እገባለሁ።