ግድቡ ቆመ፣ እርሻውስ? ፕሮጀክትን ከግቡ ጋር ስለማያያዝ

በጋምቤላ ክልል አቦቦ ወረዳ የአልዌሮ ግድብ ይገኛል። በደርግ ዘመን በሶቪየት ባለሙያዎች እገዛ ሲሠራ የታሰበው ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት በመስኖ ለማልማት ነበር። ግድቡ ቆመ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን የመስኖው ሥራ ሳይከተል ቀረ። ውሃው ለዓመታት ተጠራቅሞ ተቀመጠ፤ ዓሣ አጥማጆች ግን አልቦዘኑም። የሼህ አላሙዲን ሳዑዲ ስታር በዚያው ወረዳ 10 ሺህ ሄክታር ተከራይቶ ለሩዝ እርሻ የመጣው በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው።

እዚህ ላይ ግድቡ የፕሮጀክቱ ውጤት ነው፤ የሚጠበቀው ጥቅም የለማ መሬት ነበር፤ ግቡ ደግሞ የምግብ ዋስትና።

የመስጂድ ኮሚቴዎቻችንና የበጎ አድራጎት ማኅበሮቻችንም ይህ ይመለከታቸዋል። አንድ ጀመዓ የውሃ ጉድጓድ አስቆፈረ እንበል። ሪባን ይቆረጣል፣ ሪፖርቱ ላይ «1 ጉድጓድ» ተብሎ ይሰፍራል። የታሰበው ግን ውሃ ሲቀዱ ከመድረሳ የሚቀሩ ሴት ልጆች እንዲማሩ ከነበረ፣ መቆጠር ያለባቸው ልጆቹ ናቸው። ቁፋሮው ሳይጀመር ስንቱ እንደሚቀሩ ይመዝገብ፤ ከዓመት በኋላ እንደገና ይቆጠር። (አስተማሪ ሳለሁ እኔም ዕቅዴ ላይ «ምዕራፉን መጨረስ» ብዬ እጽፍ ነበር፤ ተማሪው መረዳቱን የምለካበት መስመር አልነበረውም።)

ሌላው የባለቤት ጉዳይ ነው። ቆፋሪው ድርጅት አስረክቦ ይሄዳል። ፓምፑ ሲበላሽ ማን እንደሚያስጠግነው፣ ገንዘቡም ከወርሃዊ መዋጮ ይሁን ከወቅፍ ሱቅ ኪራይ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት በስም ተለይቶ ይጻፍ።