የጭነት መኪና ሾፌር ክብደትና ጤንነት በንፋስ መውጫ መንገድ

ንፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ወረዳ ከተማ ናት፤ ከፍታዋም ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ የተሠራው፣ ሕዝቡም «የቻይና መንገድ» የሚለው፣ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚገባው መንገድ በከተማይቱ ያልፋል። መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ማዳበሪያና ሲሚንቶ የጫነው መኪና ይወጣል፤ ድንችና ገብስ የጫነውም ይወርዳል። ስለ ፍሬንና ስለ ጎማ ብዙ ይነገራል፤ ስለ ሾፌሩ ሰውነት ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንገልጽ የምንሻው የረዥም መንገድ ሾፌር ለምን እንደሚወፍር፣ ውፍረቱም ከመሪው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ነው።

ሾፌርና ረዳት ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ ከአንድ መኪና ያድራሉ፤ ሆኖም ቦርጭ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሾፌሩ ነው። እርግጥ ረዳቱ በዕድሜ ያንሳል፤ ዕድሜ ብቻውን ግን ነገሩን አይፈታውም። ረዳቱ ሸራ ያስራል፣ ጎማ ይፈታል፣ ታኮ ይዞ ይሮጣል፣ ከጭነቱ ላይ ይወጣል ይወርዳል። ሾፌሩ ይቀመጣል። በዚሁ ጉዳይ ላይ እንግሊዛዊው ሐኪም ጄሬሚ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተሙት ጥናት የታወቀ ነው። ባለ ሁለት ፎቅ በሆኑት የለንደን አውቶቡሶች ላይ ይሠሩ የነበሩትን ሾፌሮችና ትኬት ቆራጮች ቢያነጻጽሩ፣ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ቆራጮች ይልቅ ተቀምጠው በሚውሉት ሾፌሮች ላይ የልብ ሕመም በዝቶ ተገኘ። በ1956 ደግሞ የደንብ ልብሳቸውን ልክ መርምረው የሾፌሮቹ ሱሪ በወገቡ የሰፋ መሆኑን አሳዩ። ይሁን እንጂ ልዩነቱ ገና በወጣቶቹ ላይ ይታይ ስለ ነበረ፣ ጥፋቱን ሁሉ በመቀመጫው ማሳበብ አይቻልም።

የቀረውን ከምግቡ እንፈልገው። ሾፌር የሚበላው ሰዓት ጠብቆ ሳይሆን ጭነት ሲያራግፍ ወይም ሲመሽ ነው። ጠዋት ሻይ በዳቦ ቀምሶ ይነሣል፤ ማታ ጥብስና ቢራ ይጠብቀዋል፤ ወዲያው ይተኛል። በመካከሉ እንቅልፍን ለማባረር ለስላሳ ይጠጣል፤ ጫት የሚቅምም አለ። ጫት የምግብ ፍላጎትን ለጊዜው ቢያጠፋም የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ እንቅልፍንም ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ለስላሳውም የሚናቅ አይደለም። በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ይህም ከ120 ካሎሪ አያንስም። በቀን ሁለት ጠርሙስ የሚጠጣ ሰው በወር ከ7,000 ካሎሪ በላይ ያገኛል፤ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ደግሞ 7,700 ካሎሪ ያህል እንደሚይዝ ይገመታል። ሰውነት እንደ ሒሳብ ደብተር ስላልሆነ በየወሩ አንድ ኪሎ አይጨምርም፤ ነገር ግን አካሄዱ ግልጥ ነው።

እንግዲህ ውድ ምግብ መፈለግ አያሻም። የጋይንት ገብስ ቆሎ፣ ባቄላ፣ ሽሮና የድንች ቅቅል ለሾፌር የሚስማሙ ናቸው። ቆሎ ለማላመጥ ጊዜ ይወስዳል፤ ሆድንም ቶሎ ባዶ አያደርግም። ለስላሳውን በውሃ መተካት፣ ከእራትም በፊት ከረዳቱ ጋር መኪናውን ዞሮ ጎማና ገመድ መፈተሽ ገንዘብ አያስወጣም። ጾም በራሱ ያቀጥናል የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ይህን አንቀበልም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በዘይት የተጠበሰ ነገር አብዝቶ የሚበላ ሰው አይቀጥንምና። ከዚህ የሚከፋው የስኳር ሕመምተኛው ነገር ነው። ኢንሱሊን ወይም አንዳንዱን የስኳር መድኃኒት ወስዶ ሳይበላ የሚነዳ ሾፌር የደሙ ስኳር ወርዶ እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ ሊፈዝ፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው አስቀድሞ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ማማከር ይገባዋል።

በአገራችን የመንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው የጤና ምርመራ ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ አዋጅ ቁጥር 1074/2010ም ጉዳዩን ይመለከታል። ችግሩ ምርመራው የአንድ ጠዋት ነገር መሆኑ ነው። የደም ግፊት ለዓመታት ሳይሰማ ይኖራል፤ የተሰማውም ሾፌር እንጀራዬን አጣለሁ ብሎ ይደብቃል። በአሜሪካ የጭነት ሾፌር የጤና ምስክር ወረቀት ከ2 ዓመት በላይ አያገለግልም፤ ግፊቱ ከፍ ያለው ሰው እጅግ ካልባሰበት በቀር በአጭር ጊዜ ተመልሶ ይታያል እንጂ ወዲያው ከሥራው አይወጣም። መደበቅን የሚቀንሰው እንዲህ ያለው ሥርዓት ይመስለናል።

ከሁሉ ይልቅ ሳይታወቅ የሚቀረው በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ ነው። አንገቱ የደነደነ ወፍራም ሰው ሲተኛ ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ ይቆማል፤ ታፍኖ ይባንናል፤ መልሶ ይተኛል። ይህ በሌሊት ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል፤ እርሱ ግን ጠዋት ትዝ አይለውም። በንፋስ መውጫ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው 30 በመቶ ያህል ስለሚያንስ፣ ከቆላ የመጣው ሾፌር ይበልጥ ይጎዳል። በማግሥቱ የጨጨሆን ቁልቁለት የሚወርደው እንቅልፍ ሳይጠግብ ነው። ሐኪሙ «ያንኮራፋሉ?» ብሎ ቢጠይቀው አያውቀውም፤ የሚያውቀው ረዳቱ ነው፤ ረዳቱ ግን በዚያ ሰዓት ውጭ ቆሞ መኪና ይጠብቃል።